«የሞተ ዓሣ ብቻ ነው ከውሃ ጋር የሚሄደው» ለምትሉን

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው። የቸኮለ ሰው ይለፈው፣ አልቀየምም።

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ደጋግሞ እየመጣብኝ ነው። ሞቃት ባህር ውስጥ፣ ከኮራል ሪፍ በላይ፣ አንድ ጠላቂ ኃይለኛ የውሃ ፍሰት እየገፋው ፊት ለፊት ይታገላል። ከጀርባው አንጀት የሚበላ ሙዚቃ አለ። ከዚያ ጽሑፉ ይመጣል፦ «የሞተ ዓሣ ብቻ ነው ከውሃ ጋር የሚሄደው። አንተ ግን ታገል!» ከታች ላይክ በላይክ ነው፣ የእሳት ምልክት በሽ ነው። ሼር ካደረጉት ውስጥ እኔ ራሴ ባዮሎጂ ያስተማርኳቸው አራት ልጆች አሉበት።

መጀመሪያ ዝም ብዬ ነበር። አላስቻለኝም፣ አንዱ ልጄ ፖስት ስር «ይሄ ሰውዬ በዚህ ከቀጠለ አየሩን ይጨርሳል» ብዬ ጻፍኩ። «ቲቸር፣ አንተ ደግሞ ሁሌ ኔጋቲቭ ነህ» አለኝ። እሺ። ኔጋቲቭ ከተባልኩ አይቀር በደንብ ልሁን።

ከስሜቱ በፊት ቁጥሩን እንይ። የባህር ፍሰት ፍጥነት የሚለካው በኖት ነው። አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። ሰው በእግሩ ሲሄድ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ኖት ሲባል ጨዋታ ይመስላል፤ ከገበያ ተሸክማ የምትመለስ እናት እንኳ ትቀድመዋለች። ግን ውሃ አየር አይደለም፣ ከአየር 800 ጊዜ ገደማ ይከብዳል። ሲሊንደር የተሸከመ ጠላቂ አንድ ኖትን ፊት ለፊት ለጥቂት ደቂቃ ይቋቋም ይሆናል፣ ከዚያ ይዝላል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ የውሃው ግፊት እጥፍ ሆኖ አይቆምም፣ አራት እጥፍ ይሆናል። ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ። ይሄ ፊዚክስ ነው፣ በሞራል አይቀየርም።

አየሩስ? ብዙ ሰው «ኦክስጅን» ይለዋል እንጂ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የታመቀ ተራ አየር ነው። 20 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከውሃው ወለል በላይ ካለው ሦስት እጥፍ ነው፤ እያንዳንዱ ትንፋሽ ከሲሊንደሩ የሚወስደው አየርም ሦስት እጥፍ ነው። በዚህ ላይ ሰውየው ሲታገል ትንፋሹ ይበዛል። የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቅጡ ሳይወጣ ሲቀር ደግሞ ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ ትንፋሹ ይባስ ይቆራረጣል። «ታገል» የተባለው ሰው የሚታገለው ከባህሩ ጋር አይደለም፣ ከራሱ ሲሊንደር ጋር ነው።

ታዲያ የሚያውቁ ሰዎች ምን ያደርጋሉ? ከፍሰቱ ጋር ይሄዳሉ! ድሪፍት ዳይቪንግ ይባላል። አንድ ቦታ ይገባሉ፣ ውሃው በሪፉ ላይ እያንሳፈፈ ይወስዳቸዋል፣ ሌላ ቦታ ይወጣሉ። ጀልባዋ መልሕቅ ጥላ አትጠብቅም፣ ከላይ ትከተላቸዋለች።

አንድ ቦታ ልጥቀስ። በሰላማዊ ውቅያኖስ፣ በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ፣ ራንጊሮዋ የምትባል የኮራል ደሴት አለች። ቅርጿ እንደ ቀለበት ነው፤ ውጪው ውቅያኖስ፣ ውስጡ ሰፊ ሐይቅ መሳይ የባህር ውሃ። ባህሩ ሲሞላ ውሃው በጠባብ በሮች ወደ ውስጥ ይጎርፋል፣ ሲጎድል በእነዚያው በሮች ወደ ውጪ ይወጣል። ከበሮቹ አንዱ ቲፑታ ይባላል፣ በጠላቂዎች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። እዚያ ድሪፍት የሚደረገው ውሃው ወደ ውስጥ በሚገባበት ሰዓት ነው። ለምን? የሆነ ነገር ቢበላሽ ፍሰቱ ጠላቂውን ወደ ረጋው ውሃ ስለሚያስገባው ነዋ! በተቃራኒው ሰዓት የገባ ሰው ግን ወደ ክፍት ውቅያኖስ ይጠረጋል። እንግዲህ ጉብዝናው የት ላይ እንደሆነ ልብ በሉ። ጡንቻው ላይ አይደለም፣ ሰዓቱን ማወቁ ላይ ነው።

ወደ ዓሣው እንምጣ፣ ጥቅሱ በዓሣ የሚምል ነውና። ከራንጊሮዋ ብዙ የማትርቅ ፋካራቫ የምትባል ሌላ የቀለበት ደሴት አለች። በደቡቡ በሯ በመቶዎች የሚቆጠሩ ግራጫ የሪፍ ሻርኮች ይኖራሉ። ሻርክ ነው እንግዲህ፣ ባህር ውስጥ ከሱ በላይ ኃይለኛ አምጡ ብትባሉ አትቸገሩም? እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት እነዚህ ሻርኮች ውሃው ከታች ወደ ላይ የሚገፋበትን ቦታ መርጠው፣ ልክ ጭልፊት ነፋስ ላይ እንደሚንሳፈፈው፣ ጭራቸውን ብዙም ሳያወዛውዙ እንደሚንሳፈፉ አሳይቷል። በዚህ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 በመቶ ጉልበት ይቆጥባሉ። አንዱ የመስመሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ራሱን ለፍሰቱ ይለቅና ወደ መነሻው ይመለሳል፣ ቀጣዩ ቦታውን ይይዛል። ተራ ጠባቂዎች! ጥቅሱን የጻፈው ሰው እነዚህን «ሙታን» ቢያገኛቸው ምን ይላቸው ነበር?

ኮራሉ ራሱስ? ድንጋይ እንዳይመስላችሁ፣ እንስሳ ነው። ትንንሽ እንስሳት ተሰብስበው የሠሩት ከተማ ነው። ከቦታው አይነቃነቅም። ከምግቡ አብዛኛውን የሚሰጡት ሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩት፣ በብርሃን ምግብ የሚሠሩ ደቂቅ አልጌዎች ናቸው፤ ቀሪውን ግን ፍሰቱ ከሚያመጣለት ጥቃቅን ሕይወት ይለቅማል። ደለሉን የሚጠርግለትም ፍሰቱ ነው። ልጆቹም ቢሆኑ አዲስ ቦታ የሚደርሱት ፍሰቱ ተሸክሟቸው ነው፣ ከዚያ ተጣብቀው ያድጋሉ። ያ ቪዲዮው ላይ የምታዩት ውበት በሙሉ ከውሃ ጋር በሄዱ ፍጥረታት የተሠራ ነው።

አሁን የሚያናድደኝ ነገር ላይ ደረስኩ። ፍሰትን ፊት ለፊት የሚታገል ሰው መጨረሻው አንድ ነው፣ የሆነ ነገር መያዝ። ውሃ የሚወስደው አረፋ ይጨብጣል ይላሉ አባቶች። ጠላቂው ግን የሚጨብጠው ኮራሉን ነው። ቅርንጫፉ ቀሽ ይላል። ድንጋይ የሚመስለው ድቡልቡል ኮራል በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። አንድ የክርን ያህል ኮራል ከእኔም ከእናንተም ዕድሜ ሊበልጥ ይችላል። በአንድ «ታገል» ይሰበራል። ፓላው የሚሄዱ ጠላቂዎች አንድ ቦታ ቆመው ማየት ሲፈልጉ በገመድ የታሰረ መንጠቆ ይዘው ይገባሉ፣ መንጠቆውንም የሚያያይዙት የሞተ ድንጋይ ፈልገው ነው። ፓላው እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለሚገባ እንግዳ ሁሉ ፓስፖርቱ ላይ ተፈጥሮዋን እንዳይጎዳ ቃል የሚገባበት ማኅተም ትመታለች፣ እንግዳውም ይፈርማል። እኛ ደግሞ እዚህ ኮራል ላይ የሚራገጥ ሰውዬ እያየን «ጀግና» እንላለን።

አውቃለሁ፣ አሁን አንዱ ተነስቶ «ቲቸር፣ ታዲያ ዝም ብለን ውሃ ይውሰደን ነው የምትለው?» ይላል። አይደለም! እዚህ ጋ ነው ሁለቱም ወገን የሚሳሳተው። «ዝም ብለህ ተንሳፈፍ፣ ባህሩ ያዝናናሃል» የሚለው የቱሪስት ማስታወቂያም ያው ውሸት ነው። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚባለው ያለ ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 በኢንዶኔዥያ፣ ባሊ አጠገብ፣ ሰባት ጃፓናውያን ሴት ጠላቂዎች በፍሰት ተወሰዱ። አምስቱ ከቀናት በኋላ በሕይወት ተገኙ፣ ሁለቱ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2008 ደግሞ እዚያው ኢንዶኔዥያ፣ ኮሞዶ አካባቢ፣ አምስት አውሮፓውያን ጠላቂዎች ከጀልባቸው ርቀው በፍሰቱ ለሰዓታት ተወሰዱ። ሳይበታተኑ አብረው ቆዩና ሪንቻ የምትባል ደሴት ላይ ወጡ። እዚያም የአርጃኖ ዘመድ የሆነው ግዙፉ የኮሞዶ እንሽላሊት መጣባቸው፣ በድንጋይ እየወረወሩ አባረሩት። በሁለተኛው ቀን ተገኙ፣ አምስቱም ተረፉ።

ስለዚህ ከፍሰት ጋር መሄድ ስንፍና አይደለም፣ ሥራው ያለቀው ከመግባት በፊት ስለሆነ ነው ስንፍና የሚመስለው። ባህሩ መቼ እንደሚሞላ መቼ እንደሚጎድል ታጠናለህ። የት እንደምትወጣ ከባለጀልባው ጋር ትነጋገራለህ። ከጓደኛህ አትለይም። ከሩቅ የሚታይ ረጅም ብርቱካናማ ፊኛ ትይዛለህ፣ ስትወጣ ነፍተህ ታቆመዋለህ፣ ፉጨትም አይጠፋም። ውሃው ውስጥም በድን አይደለህም። ፊት ለፊት አትጋፋውም እንጂ ወደ ጎን ትቆርጠዋለህ። ፍሰቱ ወለሉ አጠገብና ከትልቅ ቋጥኝ ጀርባ ስለሚደክም እዚያ ጋ ትጠጋለህ፣ ታርፋለህ፣ ትቀጥላለህ።

ይሄ ደግሞ ለእኛ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። ገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፦ ክረምት ላይ የሞላ ወንዝ የሚያሻግር ሰው ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት አይገባም። ከላይ በኩል ይገባል፣ በሰያፍ ይቆርጣል፣ ውሃው እየገፋው ታች ይወጣል። «እዚህ ገብቼ ልክ ማዶ ካልወጣሁ» ያለው ነው ለቅሶ የሚያስቀምጠን። በየዓረብ አገሩ ያላችሁ ልጆቼም ይሄን ያዙ፦ ባህር ዳርቻ ስትዋኙ ውሃ ወደ ውስጥ ከሳባችሁ ወደ ዳርቻው ፊት ለፊት አትታገሉ። ተረጋጉ፣ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ፣ ከሚስበው ውሃ ስትወጡ በሰያፍ ወደ መሬት ተመለሱ። ካቃታችሁም ተንሳፍፋችሁ እጃችሁን አንሱና እርዳታ ጥሩ። ይህቺን አንድ ሰው እንኳ ቢይዛት ጽሑፌ በቂው ነው።

ለምን ይሄን ያህል ተናደድክ ለሚለኝ፦ ይህችን ጥቅስ ክፍል ውስጥ ስለማገኛት ነው። ከመቶ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ሦስት ወይም አምስት ብቻ ያለፈባቸውን ዓመታት አይተናል። ያላለፈው ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይከፍታል። ስልኩ ደግሞ «አልታገልክም፣ አንተ የሞተ ዓሣ ነህ» ይለዋል። ፍሰቱ ስንት ኖት እንደነበር የሚጠይቅለት የለም። መጽሐፍ ነበረው ወይ? ላብራቶሪ አይቶ ያውቃል ወይ? ሰዓቱን፣ በሩን፣ መውጫውን ያሳየው አለ ወይ? ያ የእኛ የመምህራኑና የወላጆቹ ሥራ ነበር። ልጁ እየታገለ ነው የሰመጠው፣ አይቻለሁ። የቸገረው ጡንቻ አልነበረም።

ስለዚህ ቪዲዮውን የለጠፋችሁ አራቱ ልጆቼ፣ አልተቀየምኳችሁም። አጥፉት አልልም። ግን ከስሩ አንድ መስመር ጨምሩበት፦ «ይህ ሰው ፊት ለፊት መታገሉን ትቶ ወደ ጎን ቢዞር ይተርፋል።»

«አንተ ባህር አይተህ ታውቃለህ ወይ?» ለምትሉኝም መልሴ አጭር ነው። ጠልቄ አላውቅም። ያስተማርኳችሁን ሕዋስም በእጄ ነክቼው አላውቅም፣ ግን ፈተና ላይ መጥቶላችኋል።

ኮሜንት ላይ እንገናኝ። ክርክር እወዳለሁ፣ ስድብ ግን ብሎክ ነው።