ነፋሱን ያላየ ኢላማውን ይስታል



በቅርቡ ላሊበላ ውስጥ ከአገልግሎት በኋላ አንድ ወጣት ስልኩ ላይ አቀርቅሮ አገኘሁት። ቀድሞ አስጎብኚ ነበር። መጀመሪያ ኮቪድ፣ ቀጥሎ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከተማዋ ድረስ የዘለቀው ጦርነት እንግዳውን አስቀረበት፤ እስካሁን የረባ ሥራ የለውም። የያዘው ጎልፍ ክላሽ የሚባል ጨዋታ ነው። «ጊዜህን በዚህ ታቃጥላለህ?» ልለው ስል፣ ኳሷን ከጉድጓዱ ግራ በኩል ሲያነጣጥር አየሁ።

«ልጄ፣ ጉድጓዱ እዚያ አይደል እንዴ?»

«ነፋሱን አላዩትም ፓስተር» አለኝ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት የነፋሱን አቅጣጫ፣ ቁጥሩ ደግሞ ጉልበቱን ይናገራል። ነፋሱ ወደ ቀኝ ከነፈሰ ኢላማውን ወደ ግራ ይስበዋል፤ ምን ያህል እንደሚስብ በኢላማው ዙሪያ ባሉት ባለቀለም ቀለበቶች ይለካል። «ቀጥታ ጉድጓዱ ላይ ካነጣጠርኩማ እስታለሁ» አለኝ።

ተግሣጼን ዋጥኩት። ሌላ ወጣት ትዝ አለኝ። እሱም ሥራ አጥቶ ሊያማክረኝ መጥቶ ነበር። «ጸልይ፣ ጽና» ብዬ ሸኘሁት። ምክሩ እውነት ነው፤ ግን ምን እየነፈሰበት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። የቤት ኪራዩን፣ የእናቱን መድኃኒት፣ ከዓረብ አገር ማታ ማታ የሚደውልለትን ጓደኛውን ያወቅሁት ከሄደ በኋላ ነው። በወሩ በበረሃ ወጣ። እስከ ዛሬ ድምፁን አልሰማሁም።

እኛ አገልጋዮች ለወጣቶቻችን ጉድጓዱን አሳምረን እናሳያለን። ስለ ነፋሱ ግን ዝም እንላለን፤ ሲስቱ ደግሞ «እምነትህ አነሰ» እንላለን።

«ይህ ከዓለም ጋር መመቻመች አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ጉድጓዱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ቅድስና ቅድስና ነው፤ ኃጢአትም ኃጢአት ነው። የሚስተካከለው አነጣጠራችን ነው። ጳውሎስም ለሁሉም እንደየሁኔታቸው የቀረበው ወንጌሉን ለውጦ አልነበረም (1ቆሮ. 9፥22)።

ነፋሱ እስኪቆም እንጠብቅ ማለትም አይሆንም። ሰባኪው ነፋስን ሲጠባበቅ ሳይዘራ የሚቀረውን ሰው አሳይቶናል (መክ. 11፥4)። በጨዋታውም ለእያንዳንዱ ምት የተሰጠው ጊዜ አጭር ነው።

የላስታ ገበሬ ይህን ከእኛ በፊት ያውቀዋል። ገብሱን አበራይቶ ሊያነፍስ ሲል መጀመሪያ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይቶ ይቆማል። በላይዳ ወደ ላይ ሲበትነው ገለባው ይሄዳል፣ ፍሬው አውድማው ላይ ይቀራል። አቋቋሙን ከሳተ ግን ገለባው ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ነፋሱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ከአቋቋሙ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ወጣት ሊያማክራችሁ ቢመጣ፣ ጥቅስ ከመስጠታችሁ በፊት «ምን እየነፈሰብህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ የቤት ኪራይ ከሆነ ጸሎቱ ከኪሳችን ይጀምር (ያዕ. 2፥15-16)።

የዚያ ልጅ ኳስ በአየር ላይ ጎብጣ ሄዳ ጉድጓዱ አጠገብ አረፈች። «አንተስ፣ ምን እየነፈሰብህ ነው?» አልኩት። ስልኩን ኪሱ ከተተ። እስኪመሽ አወራን።

ጌታ ዓይናችንን ይክፈትልን። አሜን።