በልጅ እርምጃ ልክ

 በዛሬው ጽሑፋችን ቀላል ስለሚመስል፣ ነገር ግን በብዙ ቤት ቅሬታ ትቶ ስለሚያልፍ አንድ ጉዳይ እንነጋገራለን። ጉዳዩ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ይዞ ለመዝናናት መውጣት ነው።

በሮቤና በጎባ የምትኖሩ ወላጆች “ልጆቻችሁን የት ታዝናናላችሁ?” ስትባሉ፣ ብዙ ጊዜ የምትመልሱት “እዚህ ምን አለና? መዝናኛው ያለው አዲስ አበባ ነው” ብላችሁ ነው። በእርግጥ በአዲስ አበባ የሚሽከረከሩ ፈረሶች፣ ዥዋዥዌና ሸርተቴ ያሏቸው የልጆች መዝናኛዎች አሉ። አንድነት ፓርክም በመስከረም 2012 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ አንበሳውን በቅርብ ማየት ተችሏል። ዘመድ ከዚያ ፎቶ ሲልክ የወላጅ ልብ ይነሳሳል፤ “የእኛስ ልጅ ከማን ያንሳል?” ያሰኛል።

ሆኖም ሮቤ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በመኪና ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ መንገድ ነው። ያን ሁሉ መንገድ በእናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ የሄደ የሁለት ዓመት ልጅ በመዝናኛው በር ሲደርስ ምን ያገኛል? ፈጣኖቹና ከፍ የሚሉት መጫወቻዎች የቁመት ልክ ስላላቸው እርሱን አያስገቡትም። ትንንሾቹም ላይ ቢወጣ በሙዚቃው ጩኸትና በሰዉ ብዛት ሊደነግጥ ይችላል። በመጨረሻ ደስ ብሎት የሚጫወተው በአንድ ጥግ ካገኘው የውሃ ቧንቧ ጋር ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ልጅን የሚያስደስተው ራሱ የሚነካው፣ ቆሞ የሚያየውና ደጋግሞ የሚያደርገው ነገር ነው። ይህ ደግሞ ከቤታችሁ ብዙ ሳትርቁ ይገኛል።

ዓለም የሚመጣበት ደጃችሁ

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከተመሠረተ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስፋቱ ከ2,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከሩቅ አገር ሰዎች ብዙ ገንዘብ ከፍለው ያዩታል። በአካባቢው ተወልደው ካደጉት መካከል ግን አንድ ቀን እንኳ በሩን ረግጠው የማያውቁ ጥቂቶች አይደሉም። “ፓርኩ የፈረንጅ ነው” የሚለው አስተሳሰብ አሁንም በብዙዎቻችን ውስጥ አለ።

ለትንሽ ልጅ የሚመቸው ክፍል ዲንሾ ነው። ከሮቤ ወደ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤትም እዚያ ይገኛል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ቢልም፣ በ2,500 ሜትር ላይ ለሚኖር የሮቤ ልጅ እጅግ የሚከብድ ልዩነት የለውም። በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው የጥድና የኮሶ ደን ውስጥ ደጋ አጋዘኖች ሰው ስለ ለመዱ ብዙም ሳይሸሹ ይታያሉ። ከዲንሾ አለፍ ብሎ ወደ አዳባ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የገይሳይ ሜዳም የእነርሱ መሰማሪያ ነው፤ ከመኪና ሳትወርዱ እንኳ ልታዩአቸው ትችላላችሁ።

ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም አይገኝም። የሳይንስ ሰዎች በዝርዝር የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ከታላላቆቹ የአጋዘን ወገኖች ዘግይተው ከታወቁት አንዱ ነው። መልኩን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በ10 ሳንቲም ላይ ያለው ቀንዳም እንስሳ እርሱ ነው። ቤት ውስጥ አሮጌ 10 ሳንቲም ካላችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ለልጃችሁ አሳዩት። ሳንቲሙን ግን በእጃችሁ ያዙት እንጂ ለእርሱ አትስጡት፤ በዚህ ዕድሜ ያገኘው ሁሉ ወደ አፉ ይሄዳልና።

ልጁ ግን እናንተ የጠበቃችሁትን ላያይ ይችላል። እናንተ ቀንዱ የተጠማዘዘውን ትልቁን ወንድ አጋዘን ስታሳዩት እርሱ እግሩ ሥር ያለችውን ጥንዚዛ ያይ ይሆናል። ከርከሮ በፊት እግሮቹ ተንበርክኮ ሣር ሲግጥ ካየ ምናልባት እርሱም ይንበረከክ ይሆናል። ይንበርከክ፤ ልብስ ይታጠባል። መቶ ሜትር ለመሄድ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበት የሽርሽሩ ጊዜ ባከነ አትበሉ፤ ሽርሽሩ ራሱ ይህ ነው።

ይህ ማለት ግን ልጁን መልቀቅ ማለት አይደለም። እንስሳቱ ሰው ቢለምዱም የዱር ናቸው። ከርከሮ ስለታም ክራንቻ አለው፤ ልጅ ወደ እርሱ እንዲሮጥ አትፍቀዱ። ለእንስሳቱ ዳቦ ወይም ሙዝ አትወርውሩ። የቤታችሁን ውሻም ይዛችሁ አትሂዱ። በባሌ ቀይ ቀበሮዎችን ደጋግሞ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች የተላለፈ ነው። የበላችሁበትን ፌስታልና ያገለገለ ዳይፐር ወደ ቤታችሁ መልሱ። ልጅ ስለ ፍጥረት ጥበቃ የሚማረው እናንተ ወድቆ ያያችሁትን ስታነሱ በማየት ነው።

ሰነቲስ?

“ዲንሾን ካየን አይቀር ሰነቲም እንውጣ” የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። የሰነቲ አምባ ያማረ ቦታ ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሻገረው መንገድ በአፍሪካ ከፍተኛ ከሆኑት የመኪና መንገዶች አንዱ ነው። አጠገቡ ያለው ቱሉ ዲምቱ በ4,377 ሜትር ከፍታ ከአገራችን ከፍተኛ ተራሮች አንዱ ነው። ረጃጅሞቹ ጅብራዎች፣ ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ አድርጎ መልሶ የሚጠልቀው ትልቁ የባሌ ፍልፈል፣ እርሱን አድብቶ የሚጠብቀው ቀይ ቀበሮ፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዮቹ የሚኖሩት በባሌ ነው።

ነገር ግን ልብ በሉ። ጎባ ያለችው በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ተነስታችሁ ሰነቲ ስትደርሱ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ወጥታችኋል። በ4,000 ሜትር ላይ በእያንዳንዱ እስትንፋስ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከምናገኘው ስድስት አሥረኛው ያህል ብቻ ነው። አዋቂ ራሱን ሲያመው “አመመኝ” ይላል፤ የሁለት ዓመት ልጅ ግን ቃሉ የለውም። እርሱ የሚናገረው በመነጫነጭ፣ ምግብ እምቢ በማለት፣ በማስመለስና ከወትሮው በተለየ ድብታ ነው። እነዚህን ካያችሁ “ትንሽ እንቆይና ይለቀዋል” አትበሉ። መድኃኒቱ ወዲያው ወደ ታች መውረድ ነው፤ ከወረዳችሁ በኋላም ካልተሻለው ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ጉንፋን ወይም ሳል የያዘው ልጅ ይዛችሁ ወደ አምባው አትውጡ። የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት፣ ወይም ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ከቆላ የመጡ እንግዶች ካሉ አንድ ሁለት ቀን በሮቤ ወይም በጎባ ይረፉ። በመንገዱ ቀጥላችሁ ወደ ሐረና ደን ለመውረድ ካሰባችሁ ደግሞ፣ ለመመለስ ያንኑ አምባ ዳግመኛ መሻገር እንዳለባችሁ አትርሱ።

የሚመረጠው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው። ቀኑ ብሩህ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ይጥላል። ስለዚህ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ውጡ፤ ሳትዘቀዝቅ ውረዱ። አየሩ ቢቀዘቅዝም በዚያ ከፍታ ፀሐይዋ ቆዳ ታቃጥላለችና ልጁ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ ያድርግ። ከመነሳታችሁ በፊትም የመንገዱን ሁኔታ ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቁ።

ምክራችን እንግዲህ ይህ ነው፤ በመጀመሪያው ጉዞ ዲንሾ ይበቃል። ሰነቲ ልጁ አድጎ “ራሴን አመመኝ” ማለት እስኪችል ድረስ ቢቆያችሁ የሚጎድልባችሁ ነገር የለም።

ሸክሙ የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እንዲህ ያለ ቀን የሚበላሸው በብርድ ወይም በዝናብ ብቻ አይደለም፤ በባልና በሚስት መካከልም ይበላሻል።

ብዙ ጊዜ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ባል መኪና ተኮናትሯል፤ ገንዘብ ስለወጣ “ሁሉንም ሳናይ አንመለስም” ይላል። ሚስት ሌሊት ተነስታ ዳቦውን ጋግራለች፤ ጭኮውን ይዛለች፤ በፔርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልታለች። ከዚያም ልጁን አዝላ፣ ቦርሳውን አንጠልጥላ ትከተላለች። ባል ከፊት ከፊት እየሄደ ፎቶ ያነሳል። ስምንት ሰዓት ሲሆን የልጁ የእንቅልፍ ሰዓት ያልፍና ማልቀስ ይጀምራል። “በመኪና ውስጥ ለምን አላስተኛሽውም?” ይላል እርሱ። “አንተስ ለአንድ ደቂቃ ይዘኸው ታውቃለህ?” ትላለች እርሷ። በማግስቱ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ፎቶው ለወዳጆች ይታያል፤ ሁሉም ፈገግ ብለዋል። ቤት ውስጥ ግን ሁለቱ ተኮራርፈዋል።

ቀይ ቀበሮዎች ቡችሎቻቸውን እንዴት እንደሚያሳድጉ ብታውቁ ትገረማላችሁ። ግልገል የወለደችው አንዲቷ እናት ብትሆንም፣ አባትም ሆነ ሌሎቹ የመንጋው አባላት ምግብ ያመጣሉ፤ ጉድጓዱንም ይጠብቃሉ። አደን የሚወጡት ለየብቻ ነው፤ ማሳደጉ ግን የሁሉም ነው።

ስለዚህ ባልና ሚስት ከቤት ሳትወጡ በሦስት ነገሮች ተስማሙ። አንደኛ፣ ልጁን ማን መቼ እንደሚይዝ ተነጋገሩ። ወንድሞች ሆይ፣ ልጅ ማዘል የሴት ሥራ ብቻ ነው የሚል ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ የለም፤ ማዘያውን መታጠቅ ካሳፈራችሁ በትከሻችሁ ላይ አስቀምጡት። ሁለተኛ፣ የምትመለሱበትን ሰዓት ወስኑ፤ ሰዓቱን የምትወስኑትም በልጁ እንቅልፍ ነው። ሦስተኛ፣ ከሁለት አንዳችሁ “ይበቃል፣ እንመለስ” ካላችሁ ሌላው ሳይከራከር ይቀበል። የወጣው ገንዘብ የወጣ ነው፤ ልጁን በማስለቀስ አይመለስም።

ይህ ምክር አዲስ አይደለም። በዘፍጥረት 33 ላይ ያዕቆብ ከወንድሙ ከዔሳው ጋር ከታረቀ በኋላ ዔሳው አብረን እንሂድ ብሎት ነበር። ዔሳው 400 ሰዎች የያዘ ብርቱ ሰው ነው። ያዕቆብ ግን ልጆቹ ደካሞች እንደ ሆኑ፣ የሚያጠቡ በጎችና ላሞችም እንዳሉት ገለጸለት፤ አንድ ቀን እንኳ አጣድፈው ቢነዷቸው መንጋው እንደሚያልቅ ነገረው። እርሱ በልጆቹና በከብቶቹ እርምጃ ልክ በዝግታ እንደሚከተል ተናገረ። ያዕቆብ አብሮ ላለመሄድ ሌላም ምክንያት ይኖረው ይሆናል፤ የተናገረው ግን ለማንኛውም ቤት ራስ ይሠራል። የቤተሰብ ጉዞ ፍጥነቱ የሚለካው ከሁሉ በሚያንሰው ሰው ነው።

“ታዲያ ልጁ በዚህ ዕድሜ ያየውን አያስታውስም፤ ለምን እንለፋለን?” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አብዛኞቻችን ሦስት ዓመት ሳይሞላን ያየነውን አናስታውስም። ልጃችሁም አጋዘኑን ይረሳዋል። አባቱ ሲጎነበስለትና እናቱ ሳትቸኩል ስትጠብቀው ያገኘው መተማመን ግን አብሮት ያድጋል። እናንተ ደግሞ አትረሱትም። ከዓመታት በኋላ ያን ቀን ስታነሱ የምትስቁበት ወይም የምትካሰሱበት መሆኑን የምትወስኑት ዛሬ ነው።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ጌታ ትዳራችሁንና ልጆቻችሁን ይባርክ።

ለባልና ሚስት መወያያ

1. ባለፈው ጊዜ አብረን ስንወጣ ሸክሙን ይበልጥ የተሸከመው ማን ነበር? ሌላው ይህን አስተውሎ ነበርን?

2. ልጃችን በቀን ውስጥ የሚደክመው በስንት ሰዓት ነው? ሁለታችንም እናውቀዋለን?

3. በአካባቢያችን እያለ አብረን አይተነው የማናውቀው ቦታ የትኛው ነው? በየትኛው ቅዳሜ እንሂድ?