የጥገኝነት ጠበቃ ብቻውን አይበቃንም

ጽሑፌ ዛሬም ረዘም ይላል፤ በተለይ ናይሮቢ ያላችሁ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶቻችንም "ምነው ዘንድሮ ሳይልክ ቀረ" የምትሉት ነገር ምክንያቱ አንዳንዴ እዚህ ውስጥ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህታችን ቤቴ መጣች። ኢስሊ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ሁለት ዓመት ወጥ ሠርታለች። ሲያባርሯት የሦስት ወር ደመወዝ አስቀሩባት። "አንቺ ስደተኛ ነሽ፣ የትም አትደርሺም" አሏት፤ እሷም አመነች። አሁን አንድ ሰው "መክሰስ እኮ ትችያለሽ" ብሎ ነግሯት ነው የመጣችው። ከሥራ የወጣሽው መቼ ነው ስላት አራት ዓመት አለፈው አለችኝ። የኬንያ የሥራ ሕግ ለእንዲህ ያለ ክስ የሚሰጠው ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። ቡናውን ቀድቼላት ዝም አልኩ። ምን ይባላል?

እኛ ጠበቃ ሲባል የሚታየን የጥገኝነት ጉዳይ የሚይዘው ብቻ ነው። ልጆቻችንም ሕግ ልንማር ነው ሲሉን "ጎሽ፣ የስደተኛ ጠበቃ ሁን" እንላለን። ወረቀቱ የወጣለት ሰው ግን በማግስቱ ሥራ ይገባል፣ በወሩ ዕቁብ ይጥላል። የሚበደለውም እዚያ ነው። የጎደሉን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ እና ስለታገደ ንብረት የሚከራከር ጠበቃ ናቸው።

"ውል የለኝም" እያልን ገና ሳንጀምር እንሸነፋለን። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የኬንያ የሥራ ሕግ ውሉን በጽሑፍ የማዘጋጀት ግዴታውን የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ክርክር ሲነሳ አሠሪው ውሉን ካላቀረበ፣ ስለ ደመወዙ የተባለውን የማስተባበል ሸክም የእሱ ይሆናል። ሠራተኛን ምክንያት ሳይነግሩና ሳይሰሙ ማባረርም አይፈቀድም፤ ፍርድ ቤቱ እስከ 12 ወር ደመወዝ ካሳ ሊፈርድ ይችላል። ይህንን የሚያውቅ አንድ ጠበቃ በመካከላችን ቢኖር እህታችን አራት ዓመት ባልቆየች ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ሕግ ኬንያ ከወንጀል የተገኘ ንብረት የሚያስመልስ ኤጀንሲ አቋቁማለች። በፍትሐ ብሔር በኩል ሲሄድ ክሱ በገንዘቡ ላይ እንጂ በሰውየው ላይ አይደለም፤ ስለዚህ ባለቤቱ በወንጀል ሳይፈረድበትም ንብረቱ ሊወረስ ይችላል። መጀመሪያ የዕግድ ትእዛዝ ይወጣል፣ በመንግሥት ጋዜጣ ይታወጃል፤ ከዚያ በ90 ቀን ውስጥ የመውረሻ አቤቱታ ካልቀረበ ዕግዱ ይወድቃል። የሌባ ገንዘብ ይወረስ፣ ሕጉን አልቃወምም። የሚያሳስበኝ የእኛ አኗኗር ነው። የባንክ ሂሳብ መክፈት የቻለው አንድ ሰው ስለሆነ የሃያ ሰው ዕቁብ በእሱ ስም ይቀመጣል። እሱ በሌላ ንግዱ ቢጠረጠርና ሂሳቡ ቢታገድ፣ የአስራ ዘጠኛችንም ገንዘብ አብሮ ይታገዳል። ሕጉ ለንጹሕ ባለድርሻ በር ትቷል፤ ግን ቀርቦ ድርሻዬ ይህ ነው፣ ያገኘሁትም በላቤ ነው ብሎ ማስረዳት አለበት። በምን? የደመወዝ ወረቀት ያልተሰጣት ወጥ ሠሪ በምን ታስረዳ? ሁለቱ የሕግ ዘርፎች ለእኛ የማይነጣጠሉት ለዚህ ነው።

እናቶች "ታዲያ ልጄ በዚህ ምን ይበላል?" ትሉኛላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሠራተኛ ጎን የሚቆም ጠበቃ ቶሎ አይከብርም። ገንዘቡ የታገደበት ደንበኛም የሚከፍለው የለውም። "ካሸነፍኩ ብቻ ትከፍለኛለህ" ብሎ መዋዋል ደግሞ እዚህ አገር ለጠበቃ ክልክል ነው (እንዲህ የሚሏችሁን ደላሎች በዚሁ እወቋቸው)። ቢሆንም ሥራው አያልቅም። አገር ቤትም በ2017 ዓ.ም. የንብረት ማስመለስ አዋጅ ወጥቷል፤ ይህን ዕውቀት የያዘ ልጅ አዲስ አበባም ቢገባ ሥራ አያጣም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ የኬንያ የሕግ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ በጠበቃ ሥር የስድስት ወር ልምምድ፤ ይህን ሁሉ ጨርሶ መዝገብ ላይ ለመግባት ሕጉ ዜግነት ይጠይቃል። የኬንያና የጥቂት ጎረቤት አገሮች ዜጋ ይገባል፤ ኢትዮጵያም ኤርትራም ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ናይሮቢ ተወልዶ በስዋሂሊ የሚያልም ልጃችን በሩ ላይ ይቆማል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የስደተኞች ሕግ ደግሞ ዕውቅና ያለው ሙያ የያዘ ስደተኛ የመሥራት መብት እንዳለው ይናገራል። ስብሰባ በተጠራን ቁጥር ስለ ራሽንና ስለ ብርድ ልብስ ብቻ ከምናወራ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ይህንን እናንሳ። እስከዚያው ልጆቻችን ከጠበቆች ጋር በረዳትነትና በአስተርጓሚነት ይሥሩ፤ እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የነጻ የሕግ ድጋፍ ሕግ ስደተኛን ከተጠቃሚዎቹ መካከል ስለሚቆጥር ባለጉዳይ ይዞ መሄጃ አለ።

ደመወዝ ተቀርቶባችሁ ከወጣችሁ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የኤምፔሳ መልእክቶቻችሁን አታጥፉ። የዕቁብ ጸሐፊዎች፣ ደብተሩን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱና ለሁለት ሰው ላኩ።

እህታችንን ሐሙስ አንድ ጠበቃ ዘንድ እወስዳታለሁ። ጊዜው አልፏል እንደሚላት እገምታለሁ፤ ግን ከእሱ አፍ ትስማው ብዬ ነው።