መርዶና መሣሪያ

ከጥንት ጀምሮ ሰው መሞቱ የሚታወቅበት ምልክት ግልጽ ነበር፤ ትንፋሽ ሲቆም፥ ልብም መምታቱን ሲተው አስከሬኑ ይገነዛል፥ ለቅሶ ይደረሳል። ዛሬ ግን ደረቱ ከፍ ዝቅ እያለ፥ ገላውም ሳይቀዘቅዝ «ሞቷል» የሚባል ሰው በሆስፒታል አልጋ ላይ ይታያል። ይህ ለቤተ ሰብ ምን ያህል ግራ የሚያጋባ እንደሆነ አንባቢ ያስበው።

ነገሩ የመጣው ከመተንፈሻ መሣሪያ ጋር ነው። በ1952 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኮፐንሀገን የልጅነት ልምሻ በተነሣ ጊዜ፥ ዶክተር ብዮርን ኢብሰን በሽተኞች በጉሮሯቸው በገባ ቱቦ አየር እንዲያገኙ አደረጉ። የአየሩን ከረጢት ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ በእጃቸው የጨመቁት የሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። ይህ ጥበብ ብዙ ነፍስ አዳነ። ነገር ግን አንጎሉ ጨርሶ የጠፋበትን ሰው ሳንባም ማንቀሳቀስ ቻለ። በ1959 ሞላሬና ጉሎን የተባሉ የፈረንሳይ ሐኪሞች ይህንኑ ሁኔታ ገልጸው ጻፉ፤ በ1968 ደግሞ የሃርቫርድ ኮሚቴ መለያውን ዘረዘረ።

ልብ የራሱ አነሣሽ ስላለው፥ ኦክሲጅን እስካገኘ ድረስ ያለ አንጎል ትእዛዝ ለጊዜው ይመታል። ትንፋሽ ግን የአንጎልን ግንድ ትእዛዝ ይጠብቃል። ስለዚህ ሐኪሞች የጉዳቱን ምክንያት ካወቁ፥ መድኃኒት ወይም ብርድ ያደነዘዘው አለመሆኑንም ካረጋገጡ በኋላ፥ የዐይኑ ብሌን ለብርሃን ይጠብ እንደሆነ ይመለከታሉ። በመጨረሻም ኦክሲጅን እየሰጡ መሣሪያውን ለጥቂት ደቂቃ አቁመው፥ በራሱ ይተነፍስ እንደሆነ ይጠባበቃሉ። አንዳችም ምልክት ካልታየ ሰውየው ሞቷል።

ይህን ከሌላ ዐይነት ራስን መሳት ጋር መቀላቀል አይገባም። በ1976 የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሣሪያው እንዲነሣላት መንገድ የከፈተላት ካረን አን ኩዊንላን፥ አንጎሏ ጨርሶ አልሞተም ነበርና እስከ 1985 በራሷ እየተነፈሰች ቆየች። እንዲህ ባለው ጊዜ «እርሷ ብትናገር ምን ትል ነበር?» ብሎ መምከር በእውነት የቤተ ሰብ ፈንታ ነው።

እኛ የምንነቅፈው ግን፥ ሰው ከሞተ በኋላ «መሣሪያውን እናጥፋው ወይ?» ተብሎ ዘመድ መጠየቁን ነው። ይህ ጥያቄ ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን እናትን «ልጄን እኔ አጠፋሁት» ከሚል ጸጸት ላይ ይጥላታል።

«ቤተ ሰብ ባያምንስ?» የሚል አይጠፋም። በ2013 በካሊፎርኒያ እንዲሁ ሞታለች የተባለች የ13 ዓመት ልጅ እናት አላምንም ብላ፥ የሃይማኖት ተቃውሞን ሕጉ ወደሚቀበልበት ወደ ኒው ጀርሲ ወሰደቻት፤ ክርክሩም ዓመታት ፈጀ። እንግዲህ ምርመራው ብቻውን አይበቃም፤ መታመንም ያስፈልጋል። ዘመድ ከፈለገ ምርመራው ፊቱ ይደረግ፤ ለመሰናበቻም ጊዜ ይሰጠው። የአካል ልገሳ ጥያቄ ካለ፥ ከመርዶው በኋላ ለብቻው ይቅረብ።

አባቶቻችን ይህን ያውቁበታል። መርዶ ነጋሪ ሰው አሰባስቦ በማለዳ ይሄዳል፥ ከኀዘንተኛው አጠገብ ይቀመጣል፥ ቃሉንም ሳያድበሰብስ ይናገራል። ፈቃድ ግን አይጠይቅም። ከእናንተ መካከል ነገ ሐኪም፥ ዳኛ ወይም ሕግ አርቃቂ የሚሆን ሁሉ ይህን ልብ ይበል፤ የሞትን ቃል መናገር የባለሙያው ሸክም ነው፥ የቤተ ሰቡ ድርሻ ማልቀስ ነው።