ቦርሳውን መንገዱ ይምረጥ

በተራራ ብስክሌት ረጅም ጉዞ ለመጀመር ላሰበ ሰው ከየአቅጣጫው የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ ሦስት ሊትር የሚይዘውን የውሃ ቦርሳ ግዛ፣ ጢም አድርገህ ሙላው፣ ሳይጠማህ ጠጣ። ሻጩም ይህን ይላል፣ ቀድሞ የጀመረው ጓደኛም ይህንኑ ይደግማል። ምክሩ ለደኅንነት የታሰበ ስለሚመስል ማንም አይከራከረውም። እኔ ግን ምክሩ ስሕተት ነው እላለሁ። ትልቁ ቦርሳ ለአብዛኛው ብስክሌተኛ ያለ ጥቅም የሚሸከመው ጭነት ነው። «ሳይጠማህ ጠጣ» የሚለው ትምህርት ደግሞ በስፖርት ዓለም ሰው እስከ መግደል ደርሷል።

የጀርባ የውሃ ቦርሳ ጠቃሚ ፈጠራ መሆኑን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ1989 በቴክሳስ ዊቺታ ፎልስ ከተማ በነሐሴ ሐሩር በሚካሄደው የመቶ ማይል ጉዞ ላይ፣ ማይክል አይድሰን የተባለ የአምቡላንስ ሕክምና ባለሙያ አንድ የጉሉኮስ ከረጢት ውሃ ሞላ፤ ከረጢቱን ካልሲ ውስጥ ከትቶ ከማልያው ጀርባ ጋር አያያዘው፤ ቀጭን ቱቦ በትከሻው ላይ አሳልፎ ጫፉን በልብስ መቆንጠጫ ዘጋው። ካሜልባክ የተባለው የታወቀ የጀርባ የውሃ ቦርሳ የተወለደው ከዚህ ነው። የፈጠራው ትልቁ ጥቅም እጅን ከመሪው ሳያነሱ መጠጣት ማስቻሉ ነው። ድንጋይና ሥር በበዛበት ቀጭን መንገድ ላይ ይህ ጥቅም ከፍተኛ ነው። የሊትሩ ብዛት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ገበያው ሁለቱን አጣብቆ ይሸጥልናል።

በተጨባጭ መንገድ እንየው። በአሜሪካ ኮሎራዶ ሌድቪል ከተማ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄድ የታወቀ የመቶ ማይል የተራራ ብስክሌት ውድድር አለ። በዴንቨርና በኦሮራ ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩ ቦታው ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም፤ የሁለት ሰዓት መንገድ ያህል ነው። ውድድሩ የሚነሣው ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ተወዳዳሪው ትዊን ሌክስ ከተባለው ጣቢያ ተነሥቶ ኮሎምባይን ወደተባለው መመለሻ ሲወጣ ከ3,700 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከዳገቱ ግርጌ ውሃ አለ፤ ከዳገቱ አናት ውሃ አለ፤ ሲመለስም ያው የግርጌው ጣቢያ ይጠብቀዋል። ይህን ዳገት በሁለት ሰዓት የሚወጣ ሰው በሰዓት 600 ሚሊ ሊትር ቢጠጣ የሚያስፈልገው 1.2 ሊትር ነው። ይህም በብስክሌቱ ላይ የሚታሰሩ ሁለት ኮዳዎች የሚይዙት ነው። ሦስት ሊትር ተሸክሞ የወጣ ሰው ወደ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ ውሃ ለምንም ሳይጠቀምበት ተራራ ላይ አወጣው ማለት ነው፤ እዚያ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ውሃ በነጻ ያገኛል።

ሁለት ኪሎ ምን አላት የሚል ይኖራል። በረጅም ዳገት ላይ ጉልበታችን በአብዛኛው የሚያልቀው ክብደት ወደ ላይ በማንሣት ነው። ብስክሌተኛውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 90 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ሁለት ኪሎ ሲጨመር በሁለት ሰዓት ዳገት ላይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይበላል። ከደቂቃው ይልቅ የሚብሰው ግን የአካል ጉዳቱ ነው። ማሰሪያው ትከሻን ይቆርጣል፣ ወገብ ይደነዝዛል፣ ላብ የሚተንበት ሰፊው የጀርባ ቆዳም በቦርሳው ይሸፈናል። ሰውነት እንዳይግል ተብሎ የተሸከሙት ውሃ፣ ሰውነት የሚቀዘቅዝበትን መንገድ ይዘጋል። በቁልቁለት ደግሞ ከፍ ብሎ የተጫነ ክብደት በየመታጠፊያው ወደ ጎን ይጎትታል። ስምንትና አስር ሰዓት ለሚፈጅ ጉዞ እነዚህ ጥቃቅን ጉዳዮች አይደሉም፤ እግሩ ሳይደክም በወገቡና በትከሻው ምክንያት ጉዞውን የሚያቋርጥ ሰው አለ።

የዚህ ሁሉ ምንጭ ጥምን እንደ ጠላት የማየት ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ያወጣው መመሪያ፣ ስፖርተኛ በላብ የወጣውን ሁሉ እንዲተካ፣ ካልሆነም ሆዱ የሚችለውን ያህል እንዲጠጣ ይመክር ነበር። በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ ተመራማሪዎች ውድድሩን ከጨረሱ 488 ሯጮች ደም ወሰዱ፤ ውጤቱ በ2005 ሲታተም 13 በመቶው በደማቸው ውስጥ ያለው ሶዲየም ከጤናማው መጠን በታች ወርዶ ተገኘ። ሦስቱ ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ላይ ነበሩ። በዚያው ውድድር አንዲት ሯጭ በዚሁ ችግር ሕይወቷ አልፏል። አደጋውን በዋናነት የጠቆመው ምልክት በሩጫው ወቅት ክብደት መጨመር ነው፤ ማለትም ሰዎቹ ካላባቸው በላይ ጠጥተው ነበር። ኮሌጁም በ2007 መመሪያውን አሻሽሎ፣ መጠኑ በየሰው እንዲለያይና ከመጠን በላይ መጠጣት እንዲቀር መከረ። መመሪያው ከተለወጠ ብዙ ዓመት ሆነው፤ የቦርሳ ሻጮች ምክር ግን አሁንም እዚያው 1996 ላይ ቆሟል።

ጥቂት ውሃ ማጣት ሰውን ወዲያው የሚያዝለፈልፈው ቢሆን ኖሮ የራሳችን ኃይሌ ገብረሥላሴ ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የዱባይ ማራቶንን በ2፡05፡29 ሲያሸንፍ ከሰውነቱ ክብደት አስር በመቶ የሚጠጋ እንዳጣ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ኃይሌን አይቶ ውሃ ይቅር የሚል የለም፤ የእሱ አካልና የሁለት ሰዓት ሩጫ የሁላችን መለኪያ ሊሆኑ አይችሉም። ታሪኩ የሚያፈርሰው አንድ ነገር ነው፦ ጥም መሰማት የጥፋት መጀመሪያ ነው የሚለውን ማስፈራሪያ።

በሌላው ወገን ያለውን እውነት ደግሞ መካድ አይገባም። ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ያለ አጃቢ መኪና የሚገባ ሰው ትልቅ ቦርሳ ያስፈልገዋል። የሚያገኘው ወንዝ ሳያጣራ የሚጠጣው አይደለም፤ ካላማዳሪ ፈንድቶበት ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቢቆምም የሚደርስለት የለም። በበረሃ ብቻውን የሚጓዝም እንዲሁ ነው። እዚያ ሦስት ሊትርም ሊያንስ ይችላል። ይህ ግን የእኔን ክርክር ያጠናክረዋል፤ በሌድቪልም በሰሜን ተራሮችም መጠኑን የሚወስነው በሚቀጥለው ውሃ እና በእኛ መካከል ያለው ርቀት ነው።

ስለዚህ ምርጫው ከሱቅ በፊት ከሚዛን ይጀምር። ለጉዞው ባሰባችሁት ፍጥነት አንድ ሰዓት ንዱ፤ ከመነሣታችሁ በፊትና ከተመለሳችሁ በኋላ ልብስ አውልቃችሁ ተመዘኑ። የጎደለው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ያህል ላብ ነው፤ በመሀል የጠጣችሁትን ጨምሩበት። ያ ቁጥር የምትጠጡት ጣሪያ ነው፤ ከዚያ በታች ጥማችሁ ይምራችሁ። ከዚያ ካርታውን ዘርግታችሁ ውሃ በሌለበት ረጅሙን ክፍል ፈልጉ፤ በስንት ሰዓት እንደምታልፉት ገምታችሁ በሰዓት በምትጠጡት አባዙት፤ ለብልሽት ግማሽ ሊትር ጨምሩ። ውጤቱ ከአንድ ሊትር ተኩል በታች ከሆነ ሁለት ኮዳ ወይም ወገብ ላይ የሚታሰር ቦርሳ ይበቃል። ወደ ሁለት ሊትር ከተጠጋ ቀለል ያለ የጀርባ ቦርሳ ያዙ። ሦስት ሊትሩን ለእውነተኛው ምድረ በዳ ተዉት።

ሱቅ ስትገቡም ባዶ ቦርሳ አትሞክሩ፤ ውሃ አስሞሉት። የደረቱን ማሰሪያ ቆልፋችሁ ልክ መሪ እንደያዛችሁ አጎንብሱ። ወደ ማጅራት ከተንሸራተተ ወይም ሙሉ ትንፋሽ ስትስቡ ደረት ካጠበቀ ለጀርባችሁ ልክ አይደለም፤ ስሙ የቱንም ያህል ቢገን መልሱት። የውስጡ ከረጢት አፉ እጅ የሚያስገባ ይሁን፤ እጅ የማይገባበት ከረጢት በደንብ አይታጠብም፣ አይደርቅም፣ ይሻግታል። ስኳርና ጨው ያለበትን መጠጥ በኮዳ፣ ንጹሕ ውሃውን በከረጢቱ ያዙ። ኮዳው ሌላም ጥቅም አለው፦ ምን ያህል እንደጠጣችሁ በዓይን ይታያል፤ ጀርባ ላይ ያለው ከረጢት ግን እስኪያልቅ ድረስ ምንም አይናገርም።

ሻጮችና አሠልጣኞች ከዚህ በኋላ ሊትር ከመጥራታቸው በፊት ሁለት ጥያቄ የመጠየቅ ግዴታ አለባቸው፦ የት ልትሄድ ነው? በመንገዱ ላይ ውሃ የት የት አለ? የጉዞ አዘጋጆችም የውሃ ጣቢያዎቻቸውን ርቀት ከምዝገባው ጋር ይፋ ያድርጉ። እነዚህን የማይጠይቅና የማይነግር ሰው የሚሰጠው ምክር ስለ ጤናችን የታሰበበት አይደለምና፣ ገንዘባችንንም ጀርባችንንም አንስጠው።