ምልክት ያልወጣበት ቁጥር

የደም ሴሎችን የሚቆጥረው ምርመራ፣ የሲቢሲ፣ ውጤት ዛሬ ከሐኪሙ በፊት ቴሌግራም ላይ ይታያል። ወረቀቱ ከላብራቶሪው መስኮት በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ፎቶው ሜሪላንድም ዱባይም ደርሷል። ነርስ የሆነችው የእህት ልጅ፣ ፋርማሲ የሚሠራው የጎረቤት ልጅ፣ ጉግል ላይ የሚያመሸው ወንድም፣ ሁሉም የሚሉት አላቸው። ዓይናቸው ቀድሞ የሚያርፈው ግን እዚያው ነው፤ ከቁጥሩ ጎን «ኤች» ወይም «ኤል» ያለበት መስመር ላይ። «ኤች» ከወሰን በላይ፣ «ኤል» ከወሰን በታች ማለት ነው። እኔ ይህ ፊደል ከሚገባው በላይ ተከብሯል ባይ ነኝ።

የአክስቴን ወረቀት ላንሳ፤ ፈቅደውልኛል። ስልሳውን ካለፉ ቆይተዋል። ደብረ ብርሃን ተወልደው አዲስ አበባ ነው የኖሩት። ሰሞኑን ድካም ድካም አላቸው፣ ደረጃ ሲወጡ ልባቸው ይመታል። ሰፈራቸው ካለ ክሊኒክ ደም ሰጡና ይህ መጣ፦ ነጭ የደም ሴል 3.4፣ «ኤል»። ሄሞግሎቢን 12.4፣ ምንም ምልክት የለውም። የቀይ የደም ሴል አማካይ መጠን፣ ማለትም ኤምሲቪ፣ 76፣ «ኤል»። የሴሎቹን መበላለጥ የሚያሳየው አርዲደብሊው 17.2፣ «ኤች»። ፕሌትሌት 462፣ እሱም «ኤች»።

ቤተሰቡ የታመሰው በመጀመሪያው መስመር ነው። አንዱ «የደም ካንሰር እንዳይሆን» ብሎ ጻፈ፤ ሌላዋ ቀይ ሥርና ጉበት አዘዘች። ክሊኒኩም «ኢንፌክሽን አለ» ብሎ ሴፍትሪያክሶን የተባለ የአንቲባዮቲክ መርፌ ጻፈላቸው። ትኩሳት የለ፣ ሳል የለ። ነጭ ሴል ሲጨምር ኢንፌክሽን፣ ሲቀንስም ኢንፌክሽን ከሆነ ምርመራው ለምን አስፈለገ?

ወሰኑ የሚወጣው እንዲህ ነው። ጤነኛ ናቸው የተባሉ ሰዎች ደም ይለካል፤ ከመካከል ያሉት 95 በመቶ «ኖርማል» ይባላሉ፤ ከላይና ከታች የቀሩት 5 በመቶ ጤነኞች ከወሰኑ ውጭ ይወድቃሉ። ታዲያ አንድ ሲቢሲ ወደ ሃያ የሚጠጉ ቁጥሮች አሉት። እያንዳንዱ ለብቻው የሚቆም ቢሆን ኖሮ ምንም ያልነካው ሰው ቢያንስ አንድ ምልክት ይዞ የመውጣት ዕድሉ ከ60 በመቶ ይበልጥ ነበር። ቁጥሮቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙ ስሌቱ ልክ እንደዚያ ባይሄድም፣ አንድ ብቸኛ «ኤል» ለሌሊት እንቅልፍ ማጣት የሚያበቃ አይደለም።

ደግሞስ ጤነኛ የተባሉት እነማን ናቸው? ለላብራቶሪ ባለሙያው ይህንኑ ጥያቄ ሳቀርብለት «ከማሽኑ ጋር የመጣ ነው ጋሼ» አለኝ። ቅን መልስ ነው። ችግሩ የእኛ ሰው ነጭ የደም ሴል ማሽኑ ከተሠራበት አገር ሰው ጋር ሁልጊዜ አለመግጠሙ ነው። በቀይ የደም ሴል ላይ ዳፊ የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ወደ ሴሉ የሚገባው በዋናነት በእሱ በኩል ነው። በብዙ አፍሪካውያን ቀይ ሴል ላይ ይህ ፕሮቲን የለም። ይኸው የዘር ውርስ በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን ኒውትሮፊል የተባለ የነጭ ሴል ዓይነት ቁጥር ዝቅ እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በ2008 ታወቀ። እስራኤል ውስጥ ያሉ ሐኪሞች ከዚያ አስቀድመው በቤተ እስራኤላውያን ላይ ዝቅተኛውን ቁጥር አስተውለውት ነበር። እነዚህ ሰዎች ከሌላው ይልቅ በኢንፌክሽን አይጠቁም። አሜሪካኖች እንኳ ክሎዛፒን ለተባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሲሉ ነገሩን በመመሪያ አስገብተውታል፤ ለሌላው ሰው መድኃኒቱን ለመጀመር በማይክሮሊትር ደም 1,500 ኒውትሮፊል ሲጠይቁ፣ ቁጥሩ በተፈጥሮው ዝቅ ለሚልበት ሰው 1,000 ይበቃል።

ይህ ማለት ዝቅ ያለ ነጭ ሴል ሁሉ ይናቅ ማለት አይደለም። ከትኩሳት ጋር ከመጣ፣ ትናንት ደህና የነበረ ዛሬ ድንገት ከወረደ፣ ወይም ሄሞግሎቢኑና ፕሌትሌቱ አብረውት ከወረዱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ ቶሎ ሐኪም ዘንድ መድረስ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ነጭ ሴል ያለ ኢንፌክሽንም ይጨምራል፦ በእርግዝና፣ ከከባድ ሩጫ በኋላ፣ እንዲሁም ለመወፈር ብለው ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን) የሚውጡ ሰዎች ላይ። ዴክሳ መዋጥን ለሐኪሙ የሚናገር ሰው ስንት ነው? እሱን እንተወው።

ወደ አክስቴ ልመለስ፤ ማንም ያላየው ሄሞግሎቢናቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት 12፣ ለወንድ 13 ግራም በዴሲሊትር ብሎ ያወጣው መነሻ በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ሄሞግሎቢን ይጨምራል፤ ስለዚህ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ከፍታ 1.4 ይጨመርበት ይላል። በዚህ ሒሳብ የአክስቴ ወሰን 13.4 ነው፤ ደም ማነስ አለባቸው ማለት ነው። ወረቀቱ ግን ዝም ብሏል።

እዚህ ላይ ግን የሰሜን ተራራ ነዋሪዎች ጣልቃ ይገባሉ። ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቿ ጋር በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ አማሮችን ደም ለክታ እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትማለች። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ነበር፤ በቆላ ከሚኖር ሰው እምብዛም የማይርቅ፣ ከአንዲስ ተራራ ሰዎች ግን በእጅጉ ያነሰ። ስለዚህ ለደገኛ ኢትዮጵያዊ ያ 1.4 ይጨመር ወይስ አይጨመር? ባለሙያዎች የሚከራከሩበት ነገር ነው። በአንድ በኩል አክስቴ ታማሚ ናቸው፣ በሌላ በኩል ጤነኛ።

ክርክሩን የፈታው አንድ ፌስታል ነው። አክስቴ ወረቀት አይጥሉም። የውሃ ደረሰኝ፣ የእድር ደብተር፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ ሁሉም ቁም ሣጥኑ ውስጥ በአንድ ፌስታል ታጭቋል። ከሦስት ዓመት በፊት የዓይን ሞራ ሊገፈፉ ሲሉ የተሰጣቸው ሲቢሲ እዚያው ተገኘ። ነጭ የደም ሴል 3.5። ሄሞግሎቢን 14.1። ኤምሲቪ 89። ያስደነገጠው ነጭ ሴል ድሮም እንዲያው ነበር፤ ምልክት ያልወጣበት ሄሞግሎቢን ነው 1.7 የወረደው፤ ሴሎቹም አንሰዋል።

ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ያየችው የውስጥ ደዌ ሐኪም ብዙ አላሰበችም። ያነሱና የተበላለጡ ቀይ ሴሎች፣ ከፍ ያለ ፕሌትሌት፣ የሚወርድ ሄሞግሎቢን፦ አይረን እያለቀ ነው። የአይረን ክምችትን የሚያሳየውን ፌሪቲን አዘዘች፣ ዝቅ ብሎ መጣ። አክስቴ ተቆጡ፤ «ጤፍ እየበላሁ እንዴት አይረን ያንሰኛል?» አሉ። በጤፍ ውስጥ ከሚለካው አይረን ብዙው በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡናም ያለውን ያግዳል። ሐኪሟ ግን ምግቡ ላይ አልቆየችም። «እናቴ፣ የወር አበባ ካቆመ ቆይቷል፤ ደሙ በየት በኩል ነው የሚሄደው? ለጉልበትዎ የሚወስዱት ነገር አለ?» አለቻቸው። ዲክሎፍናክ የተባለው፣ ጨጓራን ሊያቆስል የሚችል የሕመም ማስታገሻ ነበር፤ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ፣ ባዶ ሆድ፣ ለወራት። ኢንዶስኮፒው የጨጓራ ቁስል አሳየ። በዚህ ዕድሜ አይረን ሲያንስ ኪኒኑን ብቻ ሰጥቶ መሸኘት የማይበቃው ለዚህ ነው፤ ሲከፋ የሚገኘው ቁስል ሳይሆን የአንጀት ካንሰር ሊሆን ይችላል።

የአክስቴ ሄሞግሎቢን ዛሬ 13.8 ደርሷል፤ አይረኑን ለጥቂት ወራት ይቀጥላሉ። ነጭ ሴላቸው 3.3 ነው፣ «ኤል» አለው። መርፌውን አልተወጉም።

በሰሜን ምዕራብም በደቡብ ምዕራብም ኢትዮጵያ ከጤነኛ ሰዎች ደም ወስደው የእኛን ወሰን ያወጡ ተመራማሪዎች አሉ፤ ሥራቸው ታትሟል። የማሽኑም ወሰን በድንጋይ የተቀረጸ አይደለም፤ ባለሙያው ከፍቶ ሊያስተካክለው ይችላል። ክሊኒኮች ይህን እስኪያደርጉ ቢያንስ የሰውየውን ያለፈውን ውጤት ከአዲሱ ጎን ያትሙልን። ፌስታል ያለው ሰው ጥቂት ነው።