የሊባኖስ መንገድ ባለቤት ይፈልጋል

ስለ ሊባኖስ አነዳድ የሚወራው የትም ቢሆን አንድ ነው። ሾፌሩ ትዕግሥት የለውም፤ ክላክሱ አያርፍም፤ ሞተር ሳይክሉ በተቃራኒ መስመር ይመጣል፤ መኪናው የእግረኛ መሄጃ ላይ ወጥቶ ይቆማል። ቤይሩት ደርሶ የተመለሰ ሁሉ ይህን ይናገራል፤ ሊባኖሳውያንም ስለ ራሳቸው ይህንኑ ይላሉ። የሚታየው ነገር እውነት ነው። «ሕዝቡ ሥርዓት አይወድም» የሚለው ፍርድ ግን ልክ አይደለም። ያው ሊባኖሳዊ ሞንትሪያል ወይም ሲድኒ ሲገባ ቀበቶውን ያስራል፣ በቀይ መብራት ይቆማል፣ ለእግረኛ ቅድሚያ ይሰጣል። እዚያ መብራቱ ይበራል፤ ሕጉም ዘመድ ያለውንና የሌለውን ሳይለይ ይቀጣል።

ስለዚህ የሊባኖስን መንገድ የሚያምሰው ከሾፌሩ ጠባይ በፊት የሚቀድም ነገር አለ፤ የጋራ የነበረው ሁሉ ባለቤት አጥቶ መቅረቱ ነው። ባቡሩ፣ አውቶቡሱ፣ የትራፊክ መብራቱ፣ የቅጣቱ ሕግ ተራ በተራ ሲወድቁ እያንዳንዱ ዜጋ በራሱ ገንዘብ መኪና ገዝቶ ራሱን ማዳን ግድ ሆነበት። መፍትሔውም የጋራውን መልሶ ከማቆም መጀመር አለበት።

ሊባኖስ ድሮ እንዲህ አልነበረችም። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በፈረንሳይ ኩባንያ የተሠራው የቤይሩትና የደማስቆ የሠረገላ መንገድ በ1863 ሲከፈት፣ ቀናት ይፈጅ የነበረውን የተራራ ጉዞ ወደ ሰዓታት አወረደው። በ1895 ደግሞ ባቡር ጥርስ ባለው ሐዲድ እየታገዘ ያንኑ ተራራ መውጣት ጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ከሃይፋ ተነስቶ በቤይሩት በኩል እስከ ትሪፖሊ የሚደርስ ሐዲድ በባሕሩ ዳርቻ ተዘረጋ። በቤይሩት ጎዳናዎች ላይም እስከ 1965 ድረስ ትራም ይመላለስ ነበር። የአገሪቱ ስፋት 10,452 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ ተራራና ባሕር መሐል ባለ ጠባብ የዳርቻ መሬት ላይ ይኖራል፤ ከቤይሩት ትሪፖሊ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለባቡርና ለአውቶቡስ ከዚህ የተመቸ አቀማመጥ ያለው አገር ማግኘት ቀላል አይደለም።

ከትራሙ ሌላ የቀረውን ያፈረሰው በዋናነት ከ1975 እስከ 1990 የቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ነው። የጦርነቱ መነሻ ሆኖ የሚጠቀሰው በሚያዝያ 1975 በአይን ኤል ሩማኔህ ሰፈር ፍልስጤማውያንን በጫነ አውቶቡስ ላይ የተከፈተው ተኩስ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ከዚያ በኋላ በየኬላው መታወቂያ ታይቶ፣ ሃይማኖት ተለይቶ ሰው ተገደለ። በእንዲህ ያለ ዘመን ከማያውቁት ሰው ጋር አንድ አውቶቡስ ላይ መሳፈር ያስፈራል፤ የራስ መኪናና የሚያውቁት መንገድ መሸሸጊያ ይሆናሉ። ጦርነቱ ሲያበቃ መንግሥት ይህን ፍርሃት የሚሽር የጋራ መጓጓዣ መሥራት ነበረበት። የመልሶ ግንባታው ትኩረት ግን የመኪና አውራ ጎዳና፣ ድልድይና ዋሻ ሆነ። የባቡር አስተዳደሩ መሥሪያ ቤት እስካሁን አለ፤ የሚያስተዳድረው ባቡር ግን የለም። የሐዲዱ መሬትም በብዙ ቦታ ቤት ተሠርቶበታል፣ አስፋልት አልፎበታል።

መንግሥት የተወውን ክፍተት ሕዝቡ በራሱ ዘዴ ሞላው። ቀይ ታርጋ ያለው «ሰርቪስ» ታክሲ አንዱ ነው። ተሳፋሪው መንገድ ዳር ቆሞ የሚሄድበትን ሰፈር ይናገራል፤ ሾፌሩ ከተስማማው ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር ያስገባዋል፤ ካልተስማማው ትቶት ይሄዳል፤ መንገዱ ራቅ ካለም «ሰርቪሴን» ብሎ የሁለት ሰው ሒሳብ ይጠይቃል። ሁለተኛው ቫኑ ነው። ከሐደት ተነስቶ የደቡብ ቤይሩትን ሰፈሮች አቋርጦ ሃምራ የሚደርሰው 4 ቁጥር ቫን የዩኒቨርሲቲ ተማሪውን፣ የሱቅ ሠራተኛውን፣ ሶርያዊውን የቀን ሠራተኛና የእኛን አገር ልጅ ጎን ለጎን አስቀምጦ ይጓዛል። ከቤይሩት ወደ ሰሜን የሚሄድ ከዶራ ሰፈር፣ ወደ ደቡብ የሚሄድ ከኮላ ሰፈር ይሳፈራል። የተጻፈ የጉዞ ሰዓት የለም፤ ትኬት የለም፤ ቋሚ ፌርማታም የለም። ሆኖም በየቀኑ ብዙ ሰው ሥራው ቦታ ይደርሳል። ጦርነቱ የለያቸው ሰፈሮች ሰዎች ዛሬ አብረው የሚቀመጡት በዚህ ቫን ውስጥ ነው፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ክብር ይገባዋል።

የዜጋው ብልሃት ግን ወሰን አለው። ወሰኑ የታየው ከጥቅምት 2019 በኋላ በመጣው የገንዘብ ቀውስ ነው። ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር 1,507 ሊራ ገደማ ሆኖ ቆይቶ ነበር፤ በ2023 በገበያው ወደ 90,000 ሊራ ተጠጋ። በ2021 በጋ ለነዳጅ የሚሰጠው ድጎማ እየተነሳ ሲሄድ በየማደያው በር ላይ የመኪና ሰልፍ ኪሎ ሜትሮች ረዘመ። ሰዎች መኪናቸው ውስጥ አደሩ፤ በሰልፉ ጠብ ተነሳ፤ የጦር መሣሪያም ተመዘዘ። ነሐሴ 15 ቀን 2021 በሰሜን አካር አውራጃ፣ ተሌይል በተባለ ቦታ፣ ቤንዚን ለመቅዳት ሰው በተሰበሰበበት ቦቴ ፈንድቶ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። ቤንዚን ፍለጋ ሄዶ መሞት የመጣው ያለ መኪና ሥራ ቦታ መድረስ የማይቻልበት አገር ስለተሠራ ነው።

ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። በሊባኖስ ቤንዚን የሚሸጠው በ20 ሊትር ስሌት ነው። ከቀውሱ በፊት 20 ሊትሩ 25,000 ሊራ ገደማ ነበር፤ በጥቅምት 2021 ከ300,000 ሊራ በላይ ሆነ። የወሩ ዝቅተኛ ደመወዝ በዚያ ጊዜ 675,000 ሊራ ነበር። አንድ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ 20 ሊትር ቢቀዳ ደመወዙ ሊያልቅ ጥቂት ቀረው ማለት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ካነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ትምህርት ቤት ድረስ የሚያደርስ የነዳጅ ገንዘብ ማጣት ነበር። አውቶቡስ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ በዚህ ምክንያት ተማሪው ከትምህርቱ ባልራቀ ነበር።

የገንዘቡ መውደቅ ሕጉንም ይዞት ወደቀ። ሊባኖስ በ2012 የወጣ፣ ቁጥሩ 243 የሆነ ጥሩ የትራፊክ ሕግ አላት፤ በ2015 ሥራ ላይ መዋል ሲጀምር ሰዉ ቀበቶ ማሰርና ስልክ ማስቀመጥ ጀምሮ ነበር። ቅጣቱ ግን የተጻፈው በሊራ ነው። የ100,000 ሊራ ቅጣት በድሮው ምንዛሪ 66 ዶላር ይሆናል፤ ከቀውሱ በኋላ በመጣው የ89,500 ሊራ ምንዛሪ ሲሰላ ግን ከ1 ዶላር ብዙም አይበልጥም። ደመወዙ የሟሟበት የትራፊክ ፖሊስ ፀሐይ ላይ ቆሞ እንዲህ ያለ ቅጣት ይጻፍ ማለት ከባድ ነው። በዚያው ላይ የመንግሥት ኤሌክትሪክ ሲጠፋ የቤይሩት የትራፊክ መብራቶች ጠፉ፤ ዋሻዎቹ ጨለሙ፤ ብረት ተሽጦ ገንዘብ በሚሆንበት ዘመን የጉድጓድ ክዳን ሳይቀር ተሰረቀ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ በጠፋው መብራት የሚያልፈው አንድ ሾፌር ዛሬ ሁሉንም ሾፌር አስተምሯል።

የመኪና ምዝገባው ታሪክም ከዚህ አይለይም። «ናፍዓ» የሚባለው መሥሪያ ቤት እንደ እኛ መንገድ ትራንስፖርት ነው፤ መንጃ ፈቃድም፣ ታርጋም፣ ዓመታዊው ቦሎም የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። በ2022 መጨረሻ ብዙ ሠራተኞቹ በጉቦ ምርመራ ታሰሩና አገልግሎቱ ለወራት ቆመ። ሙስናን መመርመር ትክክል ነው። ዜጋው ግን መኪናውን በሕግ ማስመዝገብ እየፈለገ የሚያስመዘግብበት አጣ፤ ሕግ አክባሪው ያለ ወረቀት እንዲነዳ ተገደደ።

መንገዱም በየክረምቱ ባለቤት ማጣቱን ይመሰክራል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የባሕር ዳርቻው አውራ ጎዳና ጎርፍ ሞልቶት ሰው መኪናው ውስጥ ይታገታል፤ የውኃ መውረጃው በወቅቱ ባለመጠረጉ።

ይህን ሁሉ ዕዳ በመጨረሻ የሚከፍለው መኪና የሌለው ሰው ነው። አዛውንቱ፣ ተማሪው፣ ስደተኛው፣ በሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን። የእግረኛ መሄጃውን መኪና ስለያዘው የአሠሪዋን ልጅ እጅ ይዛ፣ በሌላ እጇ ዕቃ ተሸክማ አስፋልቱ ላይ የምትሄደው የቤት ሠራተኛዋ ናት። እሑድ የዕረፍት ቀን የተፈቀደላት ወገኖቿ ወዳሉባቸው ወደ ዶራና ቡርጅ ሃሙድ ሰፈሮች የምትሄደው በቫን ነው፤ አመሻሽ ላይ ቫን ካጣች በማታውቀው ሰው ታክሲ ብቻዋን መሳፈር አለባት። በቤይሩት የሕዝብ አውቶቡስ ጉዳይ ለእኛም ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

መስከረም 23 ቀን 2024 ይህ እውነት በአንድ ቀን ተገለጠ። የእስራኤል አየር ድብደባ በበረታበት በዚያ ቀን የጤና ሚኒስቴሩ እንዳስታወቀው ከ490 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ በደቡብ ካሉት ከጢሮስና ከሲዶና ከተሞች ወደ ቤይሩት የሚወስደው መንገድ በሸሺዎች መኪና ተሞላ። ሲዶና ከቤይሩት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያን ቀን ግን ፍራሽ ጣሪያቸው ላይ ያሰሩ መኪኖች ያችን መንገድ ለመጨረስ ብዙ ሰዓት ፈጀባቸው። መኪና የነበረው ሸሸ። በዚያ ጦርነት አሠሪዎቻቸው ትተዋቸው የሄዱ፣ አንዳንዴም ቤት ውስጥ ተቆልፎባቸው የቀሩ የቤት ሠራተኞች እንደነበሩ የተባበሩት መንግሥታት የፍልሰት ድርጅት ተናግሯል። ከእነሱ መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሰውን በአውቶቡስ ከአደጋ የሚያወጣ መንግሥት ባለበት አገር ግን የአንዲት ሠራተኛ ነፍስ በአሠሪዋ መኪና ወንበር ላይ አይንጠለጠልም።

«ገንዘብ የለም» የሚል መልስ ይሰጣል። ገንዘብ የቀረበበት ጊዜ ነበር። በ2018 የዓለም ባንክ ለቤይሩትና ለአካባቢዋ የፈጣን አውቶቡስ መስመር 295 ሚሊዮን ዶላር አጽድቆ ነበር፤ ገንዘቡ ሥራ ላይ ሳይውል ቀውሱ ደረሰ፤ መስመሩም ሳይሠራ ቀረ። በ2022 ፈረንሳይ 50 አውቶቡሶች ሰጠች፤ መደበኛ አገልግሎት እስኪጀመር ግን ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። የገንዘብ ችግር አለ፤ ከእሱ ቀድሞ ግን የቸገረው የጋራውን ነገር የእኔ ነው የሚል ባለሥልጣን ማጣት ነው።

ብዙ ዶላር የማይጠይቁ ሥራዎች አሉ። ቫኑንና ሰርቪሱን ማባረር አያስፈልግም፤ መስመራቸው ይመዝገብ፣ ፌርማታ ይሰጣቸው፣ ተሳፋሪው መድን ይኑረው፣ ሐሰተኛው ቀይ ታርጋ ይለቀም። በባሕር ዳርቻው አውራ ጎዳና አንድ መስመር ለአውቶቡስና ለቫን ብቻ ይለይ፤ መኪናው ቆሞ አውቶቡሱ ሲያልፍ ያየ ሰው መኪናውን ቤቱ ይተዋል። ሕዝቡ ከ2021 ወዲህ በየጣሪያው ሶላር እንደተከለ ሁሉ የትራፊክ መብራቶቹም በሶላር ይሥሩ። ቅጣቱ ከኑሮው ጋር ይመጣጠን፤ ከሚኒስትሩ አጃቢ ይጀምር። የእግረኛ መሄጃውም ለእግረኛ ይመለስ።

ጥር 2025 ፕሬዚዳንት ጆሴፍ አውን ከተመረጡና ናዋፍ ሰላም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ከተሰየሙ ወዲህ በሊባኖስ ስለ መንግሥት መመለስ ብዙ ይነገራል። ንግግሩ በአብዛኛው ስለ ጦር መሣሪያና ስለ ድንበር ነው፤ ክብደቱንም አልክድም። ተራው ዜጋ መንግሥት መመለሱን የሚያውቀው ግን ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ነው። መብራቱ ከበራ፣ አውቶቡሱ በሰዓቱ ከመጣ፣ ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን ከተቀጣ፣ ሕግ አለ ብሎ ያምናል፤ ያመነ ሰውም ሕግ ያከብራል። ሊባኖሳውያን ያለ መንግሥት ለአርባና ለሃምሳ ዓመት መንገዳቸውን ራሳቸው ሲፈልጉ ኖረዋል። አሁን ተራው የመንግሥት ነው፤ ሥራውንም ከአውቶቡሱ ይጀምር።